የባሕር ኤንጀልፊሽን በቤት ማራባት፦ ዝርያን፣ ምግብንና ቦታን አነጻጽሮ ለመምረጥ

በቤቱ የባሕር ኤንጀልፊሽ ማራባት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛውን ዝርያ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። በደንብ የሚመገብና የሚስማማው አጋር ያገኘ ድንክ ኤንጀልፊሽ በቤት አኳሪየም ውስጥ እንቁላል መጣሉ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ነገር ከዚያ እንቁላል የወጣው እጭ አንድ ሳምንት አልፎት መገኘቱ ነው። እጩ በአብዛኛው የሚሞተው ለአፉ ልክ የሆነ ሕያው ምግብ በማጣት ስለሆነ፣ እዚህ የሚነጻጸሩት ምርጫዎች ሁሉ፣ ዝርያም ይሁን ዕቃ ወይም የመኖሪያ ከተማ፣ በአንድ ጥያቄ ይመዘናሉ፦ እንቁላሉ ከተፈለፈለ በሦስተኛው ቀን ለእጩ ምን ይቀርብለታል?

በዚህ ጽሑፍ ኤንጀልፊሽ የሚባለው ፖማካንቲዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ የሚመደበው፣ ወደ 90 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉት የባሕር ዓሣ ነው። በየሆቴሉና በየሱቁ መስተዋት ውስጥ የሚታየው ባለ ሦስት ማዕዘኑ የጨው አልባ ውኃ ኤንጀልፊሽ ቤተሰቡ ሌላ ነው። እሱ እንቁላሉን ቅጠል ላይ አጣብቆ ስለሚጠብቅና ጫጩቶቹም አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ለዓሣ ምግብ የሚሆን ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል ፍጡር) መብላት ስለሚችሉ፣ ከእሱ የተገኘ ልምድ ለባሕሩ ዓሣ እምብዛም አይጠቅምም።

ማራባት ወይስ የተራባውን ገዝቶ ማሳደግ

የመጀመሪያው ምርጫ ሙሉውን ዑደት በመያዝና ሌላ ቦታ ተራብቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የደረሰ ጫጩት ገዝቶ በማሳደግ መካከል ነው። ሙሉው ዑደት ማለት ወላጅ ዓሦችን ማጣመር፣ ሌሊት የተጣለውን እንቁላል መሰብሰብ፣ አልጌ (በውኃ ውስጥ የሚበቅል በዓይን የማይታይ ዕፅ መሰል ነገር) ማብቀል፣ በአልጌው ኮፔፖድ የሚባለውን ጥቃቅን የባሕር እንስሳ ማርባት፣ በኮፔፖዱ ደግሞ እጩን መመገብ ማለት ነው። ከእነዚህ ከአንዱ ላይ ቀን ቢዘለል የሚቀጥለው ይቋረጣል። የበዓል ቀንም ሆነ ጉዞ አይታሰብም።

የተራባውን ማሳደግ የሚመርጥ ሰው ዛሬ ዕድለኛ ነው። ዓሣ አራቢው ማርቲን ሞ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ ውስጥ የፈረንሳይ ኤንጀልፊሽን ከእንቁላል ሲያሳድግ፣ ፍራንክ ቤንሽም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሃዋይ ውስጥ ድንክ ኤንጀልፊሾችን ለቁም ነገር ሲያበቃ፣ እንዲህ ያለ ዓሣ በገበያ ብርቅ ነበር። ዛሬ ግን በታይዋን፣ በባሊና በሃዋይ ያሉ ማራቢያዎች በርካታ ዝርያዎችን ለንግድ ያቀርባሉ። በአኳሪየም ውስጥ የተወለደ ጫጩት ደረቅ ምግብ ለምዶ ስለሚመጣ፣ ከባሕር ተይዞ ለሳምንታት ምግብ እምቢ ከሚል ዓሣ ጋር የሚኖረው ትግል ይቀራል። በአንዳንድ የእስያ አካባቢዎች ዓሣን ሳያናይድ በሚባለው መርዝ አደንዝዞ የመያዝ ልማድ እስካሁን ስላልጠፋ፣ የተራባውን መግዛት ከዚህም ጥርጣሬ ያድናል። እንከኑ ቅርጽ ላይ ነው። የስንጥብ ክዳን አጥሮ ቀዩ ስንጥብ የሚታይበት፣ መንጋጋው የተጣመመ ወይም የጎኑ መስመር የተቆራረጠ ጫጩት በተራቡት መካከል ያጋጥማል፤ ስለዚህ ሻጩ የላከው ፎቶ አንድ ጎን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ሌላኛውን ጎን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በየቀኑ ጠዋትና ማታ ለዓሣው ጊዜ መስጠት የማይችል ሰው ያለ ምንም ማመንታት ሁለተኛውን ይምረጥ። ከዚህ በታች ያለው ግን በዋነኝነት የመጀመሪያውን ለመረጠ ነው።

ግዙፎቹ፣ ባለ መቀስ ጅራቶቹና ድንኮቹ

ፖማካንተስ የሚባሉትን ግዙፎች ቶሎ ከውድድሩ ማስወጣት ይቻላል። ቀይ ባሕርን ወይም የዐረብ ባሕረ ሰላጤን በመነጽር ጠልቆ ያየ ሰው በሰማያዊ ገላው ላይ ቢጫ ምልክት ያለበትን ማኩሎሰስን ሳያውቀው አይቀርም። ይህ ዓሣ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ዘመዱ አስፉር ደግሞ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። እጮቻቸው ከድንኮቹ እጮች ይልቅ ፈጥነው ወደ ጫጩትነት ስለሚለወጡ ለንግድ ማራቢያዎች የተመቹ ናቸው፤ ነገር ግን ለእንቁላል የደረሰ ጥንድ በብዙ ሺህ ሊትር የሚለካ ገንዳ ይፈልጋል፤ ወንዱና ሴቱም በመልክ አይለዩም። ይህን ውበት የሚወድ ሰው የተራባ ጫጩት ይግዛ። ጥቁር ሰማያዊ ገላና ነጫጭ ቅስት መስመሮች ያሉት ጫጩት ቀስ በቀስ የአዋቂውን ቀለም ሲለብስ ማየት በራሱ በቂ ደስታ ነው፤ የአዋቂውን መጠን የሚችል ገንዳ ግን ከመግዛቱ በፊት መታሰብ አለበት።

ጄኒካንተስ የሚባሉት ባለ መቀስ ጅራቶች አንድ ትልቅ ብልጫ አላቸው። ወንዱና ሴቱ በመልክ ፈጽሞ ስለሚለያዩ ጥንድ ሲገዛ ስሕተት አይፈጠርም። በቀይ ባሕር የሚገኘው ካውዶቪታተስ ወንዱ በጎኑ ላይ ቁልቁል የወረዱ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ሲሆን ሴቷ ልሙጥ ገላና በጥቁር የተከፈፈ ጅራት አላት። ከፓስፊክ የሚመጣው ሜላኖስፒለስም በተመሳሳይ መንገድ ይለያል። ምግባቸው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ፕላንክተን ስለሆነ ኮራል አይነኩም፤ በዚያው ምክንያት ግን በቀን ብዙ ጊዜ መመገብ ይኖርባቸዋል። ወደ 20 ሴንቲ ሜትር የሚያድጉና በተፈጥሯቸው ጥልቅ ውኃን የሚመርጡ በመሆናቸው ረጅምና ከፍ ያለ ገንዳ ይፈልጋሉ፤ ከጥልቅ በፍጥነት ተጎትተው የወጡትም የመንሳፈፊያ ከረጢታቸው ተጎድቶ ሊመጡ ይችላሉ። ሙሉ ክፍል ለዓሣ የለቀቀ ሰው ሊሞክራቸው ይችላል። ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ አኳሪየም ላለው ሰው አልመክርም።

የሚቀሩት ሴንትሮፒጌ የሚባሉት ድንኮች ናቸው፤ የቤት ማራቢያ ጨዋታም በእውነት የሚካሄደው በእነሱ መካከል ነው። በእንቁላላቸውም ሆነ በእጫቸው ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው በወላጆቹ መጠን፣ በጠባይና በገበያ ነው። ፍሌም ኤንጀል የሚባለው ሎሪኩላ ከማርሻል ደሴቶችና ከኪሪባቲ የሚመጣ፣ ደማቅ ቀይ ገላ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ዓሣ ሲሆን በሰው እጅ መራባቱ በተደጋጋሚ የተረጋገጠ ነው። ጫጩቱም ገዢ አያጣም። ችግሩ ዋጋውና ቁጣው ነው፤ የማይወደውን አጋር በሁለት ቀን ውስጥ ክንፉን ቆራርጦ ሊጥለው ይችላል። ኮራል ቢዩቲ የሚባለው ቢስፒኖሳ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እስከ ፓስፊክ ድረስ የሚኖር፣ በየትኛውም የባሕር ዓሣ መሸጫ የሚገኝ፣ ዋጋው የሚቻል፣ ጠንካራ ዓሣ ነው፤ የተራባውም በገበያ ላይ አለ። የሃዋዩ ፖተርስ ኤንጀል እጅግ ውብ ቢሆንም በምግብ አስቸጋሪ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም።

ከእነዚህ ያነሱ፣ ከ8 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፉ ሌሎች አሉ፤ የካሪቢያኑ አርጊ፣ የሃዋዩ ፊሸሪ እና በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የሚገኘው ጀርባው ብርቱካናማ የሆነው አካንቶፕስ። ማነሳቸው ጥቅም የሚሆነው ከውኃው ቁመት ጋር በተያያዘ ነው። ድንክ ኤንጀልፊሽ እንቁላል ሲጥል ጥንዱ ከድንጋዩ ተነስተው ወደ ላይ ስለሚወነጨፉ ከበላያቸው ባዶ ውኃ ያስፈልጋቸዋል፤ ለትንንሾቹ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የውኃ ቁመት ሲበቃ፣ ለፍሌም ኤንጀልና ለኮራል ቢዩቲ ከ60 በላይ ቢሆን ይመረጣል። የቀይ ባሕሩ መልቲስፒኒስ ለአካባቢው ነዋሪ ቅርብ ቢሆንም ቡናማ ገላውን ፈልጎ የሚገዛ ጥቂት ነው፤ ጫጩቱን ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የእኔ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራል ቢዩቲ ነው፤ ቦታ ለጠበበው ደግሞ አርጊ ወይም አካንቶፕስ፣ እንደየሀገሩ የትኛው በቅርብ እንደሚገኝ ታይቶ። ፍሌም ኤንጀል እጅ ከተፈታ በኋላ የሚደረስበት ነው።

ጥንዱን ማግኘት

ድንኮቹ ሁሉ ሴት ሆነው ይጀምራሉ፤ በቡድኑ ውስጥ ትልቋና ኃይለኛዋ በሳምንታት ውስጥ ወደ ወንድነት ትለወጣለች። ስለዚህ «የተረጋገጠ ጥንድ» ተብሎ በውድ ከሚሸጠው ይልቅ በመጠን የሚበላለጡ ሁለት ወጣቶችን መግዛት የተሻለ አማራጭ ነው፤ ትንሿን አስቀድሞ፣ ትልቁን ከቀናት በኋላ ማስገባት ጠቡን ያቀለዋል። እኩል የሆኑ ሁለት ትልልቅ ዓሦችን በአንድ ላይ ማስገባት ግን ሁለት ወንዶችን ሊያገናኝ ይችላል። ሰፊ ገንዳ ያለው ሰው አንድ ወንድ ከሁለትና ከሦስት ሴቶች ጋር ቢያኖር የእንቁላሉ ብዛት ከመጨመሩም በላይ የወንዱ ቁጣ በአንዲቷ ላይ ብቻ አያርፍም።

በብርሃን በኩል በቀን 13 ወይም 14 ሰዓት ማብራት፣ ከዚያም መብራቱን በአንድ ጊዜ ከማጥፋት ይልቅ በደረጃ ማደብዘዝ ያስፈልጋል። ነገሩ የሚሆነው በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ነውና። ወንዱ ክንፉን ዘርግቶ ሴቷን ይዞራል፤ በእንቁላል የተነፋ ሆዷን በአፉ እየነካካ ቀስ ብለው አብረው ይነሳሉ፤ ከላይ ሲደርሱ በቅጽበት ይለያዩና ሁለቱም ቁልቁል ወደ ድንጋዩ ይወረወራሉ። የለመደ ጥንድ ይህን በየምሽቱ ለወራት ሊደጋግመው ይችላል። በየቀኑ እንቁላል መኖሩ ለአራቢው ትልቅ ዕድል ነው፤ የዛሬው ቢበላሽ የነገው አለ።

እንቁላሉን መሰብሰብ

እንቁላሉ ከጤፍ ፍሬ የሚያንስ፣ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ መስታወት የመሰለና የሚንሳፈፍ ነው። ሦስት መንገዶች አሉ። በጽዋ ከላይ መቅዳት ርካሽ ቢሆንም ብዙ ያመልጣል። በቀጭን መረብ መጥረግ እንቁላሉን ይጎዳል። የተሻለው የላይኛው ውኃ በራሱ ፈስሶ በጎን ወዳለ ትንሽ ዕቃ እንዲገባና በዚያ ውስጥ ቀዳዳው ከ500 ማይክሮን (ከግማሽ ሚሊ ሜትር) በታች የሆነ፣ ግማሹ ውኃ ውስጥ የተነከረ ወንፊት እንዲያስቀረው ማድረግ ነው፤ ጥንዱን ሳያስደነግጥ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ፓምፑ ግን እንቁላሉ ከተሰበሰበበት በኋላ መቀመጥ አለበት፤ ከፊት ከሆነ ፈጭቶ ይጨርሰዋል። ጠዋት የሰመጠው ያልዳበረ ስለሆነ ይጣላል፤ የተንሳፈፈው ይወሰዳል።

የመጀመሪያው ምግብ

እንቁላሉ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ውኃ ውስጥ አንድ ቀን ሳይሞላው ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ ዓይኑ ያልጠቆረ፣ አፍ የሌለው፣ ከሆዱ ሥር ባለው አስኳል የሚኖር ክር መሰል ነገር ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱን በመምጠጫ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ዓይኑ ጠቁሮ ብር መሰል ቀለም እንዳበጀ፣ አፉ እንደተከፈተ፣ አስኳሉም እንዳለቀ ያያል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነው። አፉ የሚችለው ስፋቱ ከ100 ማይክሮን በእጅጉ ያነሰ ነገር ብቻ ነው፤ ያውም ከፊቱ በትክክለኛው አኳኋን የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት።

አማራጮቹ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ሮቲፈር የሚባለው ጥቃቅን የውኃ እንስሳ ነው። የባሕር ዓሣ ያራባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በባልዲ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር በመቶዎች የሚቆጠር የሚሆን፣ በታሸገ የአልጌ ለጥፍ የሚረካ፣ ቢረሱትም ቶሎ የማይሞት ፍጡር ነው። ነገር ግን ለንግድ የሚሸጠው ትልቁ ዓይነት ከ130 ማይክሮን ይጀምራል፤ ትንሹ የሚባለው እንኳ ከ100 እስከ 200 ገደማ ነው። ለድንክ ኤንጀልፊሽ እጭ ይህ አፍ ውስጥ የማይገባ ጉርሻ ነው። ፕሮአሌስ የሚባለው ወደ 80 ማይክሮን ርዝመት ያለው እጅግ ትንሽ ሮቲፈር በአፉ ሊገባ ይችላል፤ ሆኖም መጠኑ ልክ ስለሆነ ብቻ እጩን ያሳድጋል ማለት አይደለም፤ የሮቲፈር ቅባት የኮፔፖድን ያህል ለባሕር እጭ የሚያስፈልጉትን አሲዶች በራሱ አይዝምና። ለእኔ ይህ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ከኮፔፖድ ጋር ተጨማሪ ሊሆን ይችላል፣ ምትክ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ሲሊየት የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡራን ናቸው። በመጠን ይስማማሉ፤ በአኳሪየም ውኃ ውስጥም በራሳቸው ይበቅላሉ። ችግሩ እጩ ሆዱን ሞልቶባቸው ሳያድግ ቀናት ማለፉ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ድልድይ ሆነው ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ አይጣልባቸው።

ሦስተኛው ከባሕር በወንፊት የሚቀዳ ፕላንክተን ነው። በተፈጥሮ እጩ የሚበላው ይህንኑ ስለሆነ በጥራቱ የሚወዳደረው የለም፤ በጅዳ፣ በዱባይ ወይም በኤላት የሚኖር አንባቢም በቅርቡ ያገኘዋል። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ሞልቶ ሌላ ቀን ባዶ ይሆናል፤ ከሚፈለገው ጋር እጩን የሚበሉ ጄሊፊሾችና ቀስት ትሎች፣ ጥገኛ ተውሳኮችም ይገባሉ። ከዚህም በላይ ብዙ የባሕር ዳርቻዎች ጥብቅ ስለሆኑ ወንፊት ይዞ ከመውረድ በፊት የሀገሩን ሕግ መጠየቅ ግድ ነው።

አራተኛውና የቤት አራቢውን ዕድል የለወጠው ፓርቮካላነስ ክራሲሮስትሪስ የሚባለው ኮፔፖድ ነው። አዋቂው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ግልገሉ ግን ስፋቱ 40 ማይክሮን አካባቢ ነው። በግድግዳ ላይ ከሚለጠፉት የኮፔፖድ ዓይነቶች በተለየ በውኃው መካከል እየተንቀጠቀጠ ይዋኛል፤ አጭር እርምጃ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አጭር እርምጃ። እጩ አካሉን እንደ ኤስ ፊደል አጥፎ ወደ እሱ ሲወረወር በባትሪ ብርሃን ማየት ይቻላል። በልቶ እንደሆነ ለማወቅም መገመት አያስፈልግም፤ ግልጽ በሆነው ሆዱ ውስጥ የተከማቸው ምግብ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ይህ ኮፔፖድ የሚበላው ሕያው አልጌ ብቻ ነው፤ በተለይም አራቢዎች ቲ-አይሶ የሚሉትን ወርቃማ ቡናማ አልጌ። የታሸገ ለጥፍ ቢሰጡት ውኃው ይበላሽና ያልቃል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከሮቲፈር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ሆኖ ስለሚኖር፣ አንድ የእጭ ገንዳ ለመመገብ ብዙ ባልዲ መያዝ ያስፈልጋል። በየጠዋቱ የባልዲው ውኃ በሁለት ወንፊት ይወርዳል፤ የላይኛው ወደ 75 ማይክሮን የሚሆነው አዋቂዎቹን አስቀርቶ ወደ ባልዲያቸው ይመልሳል፣ የታችኛው ወደ 38 ማይክሮን የሚሆነው ለእጩ የሚሰጡትን ግልገሎች ይይዛል። አልጌውም በራሱ ጠርሙስና ብርሃን፣ በየሳምንቱ አዲስ እየተዘራ መቀጠል አለበት።

አንድ ጠላት ደግሞ አለው፤ ሮቲፈር። በአንድ እጅ ላይ የቀረች የሮቲፈር ውኃ ጠብታ ወደ ኮፔፖዱ ባልዲ ከገባች፣ ሮቲፈሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ አልጌውን ጨርሶ ኮፔፖዱን ያስርበዋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንፊት ወይም በአንድ የአየር ቱቦ ማስተዳደር አይቻልም። ኮፔፖዱ ሁልጊዜ ቀድሞ፣ ሮቲፈሩ በኋላ ይሠራል፤ ኮፔፖዱም ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጣል።

ከአራቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ቢባል መልሱ ፓርቮካላነስ ነው፤ ፓርቮካላነስን ለሁለት ወር ያለ መቋረጥ ማቆየት ያልቻለ ሰውም ወላጅ ዓሦቹን ገና አይግዛ። ይህ ቅደም ተከተል ለብዙዎች አሰልቺ ነው፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ቡናማ ጠርሙስ መጠበቅ ማን ይወዳል? ዓሣው ግን በሱቅ ውስጥ ይቆያል፤ ምግቡ ነው በአንድ ሌሊት የማይገኘው።

የእጩ ገንዳ

ትንሽ ዕቃ፣ ለምሳሌ 20 ሊትር፣ ጥቂት ኮፔፖድ እንዲበቃ ያደርጋል፤ የውኃው ጥራት ግን በፍጥነት ይወርዳል። ከ100 እስከ 200 ሊትር የሚይዝ ክብና ጥቁር ገንዳ የውኃውን ጠባይ ያረጋጋል፣ ምግብ ግን በዚያው ልክ ይጠይቃል። ኮፔፖዱ ለሚተርፈው ሁለተኛው፣ ላልተረፈው የመጀመሪያው። ጥቁር ግድግዳ የሚመረጠው እጩ ምግቡን በጨለማ ጀርባ ላይ ለይቶ ስለሚያይና ብርሃን ወደሚያንጸባርቅ ግድግዳ ሄዶ ስለማይጋጭ ነው። አየሩ አንድ በአንድ የሚወጡ አረፋዎች ያህል ብቻ ይሁን። ውኃውን በቲ-አይሶ በስሱ ማቅለም ኮፔፖዱንም ይመግባል፣ ብርሃኑንም ያለዝባል። ሁለተኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ በመጠን ተለቅ ያለ ኮፔፖድ፣ ከዚያ ሮቲፈር፣ በመጨረሻም አርቴሚያ ይከተላል፤ አርቴሚያን ማፍጠን ግን እጩ ሳይፈጨው እንዲያስወጣው ያደርጋል። ድንኮቹ የጫጩት መልክ ይዘው ወደ ድንጋይ ለመጠጋት ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ሊፈጅባቸው ስለሚችል ትዕግሥት የሚለካው እዚህ ነው።

የሚኖሩበት ከተማ

አዲስ አበባ ላይ የባሕር ዓሣ መያዝ ይቻላል፤ መክፈል የሚያስፈልገው ግን ሌላ ቦታ ከሚከፈለው የተለየ ነው። ባሕር ስለሌለ ውኃው ሁሉ ከታሸገ የባሕር ጨው ይሠራል፤ በሊትር 35 ግራም ገደማ፣ ለ200 ሊትር 7 ኪሎ ማለት ነው። ጨው የሚበጠበጥበት ውኃ በሪቨርስ ኦዝሞሲስ (ውኃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ በሚያጣራ መሣሪያ) የተጣራ ቢሆን ይመረጣል፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ግፊቱ ስለሚያንስ መሣሪያው ገፊ ፓምፕና የውኃ ማጠራቀሚያ ይፈልጋል። ከፍታውም አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የሚጻፈው የዓሣ ብዛት ለአዲስ አበባ መቀነስ፣ የላይኛው ውኃ እንቅስቃሴም መጨመር አለበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሞቂያውም የአየር ፓምፑም አብረው ይቆማሉ፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከዓሣው በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

በባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሚኖር ሰው ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማሞቂያ ሳይሆን ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፤ ባሕሩ ቅርብ ቢሆንም ውኃው ወደ 40 ግራም በሊትር የሚጠጋ ጨዋማነት ስላለው ከፓስፊክ ለመጣ ፍሌም ኤንጀል በተጣራ ውኃ ሳይቀጠን አይሰጥም። የቀይ ባሕር ዝርያዎችን የመረጠ ሰው ግን ይህ ራሱ ይጠቅመዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው አንባቢ ትልቁ ብልጫው የተራባ ዓሣ፣ ፓርቮካላነስና ቲ-አይሶ በፖስታ ማግኘቱ ነው፤ ባልዲው ቢሞት በሳምንት ውስጥ እንደገና ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ባልዲው ከሞተ ሌላ ለማግኘት ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ የሚለው ምክር እዚህ ላይ ግዴታ ይሆናል፤ ቢቻል አንዱ በሌላ ሰው ቤት።

በክላውንፊሽ መጀመር

አልጌና ኮፔፖድ የሚያስፈራው ሰው አንድ የመጨረሻ አማራጭ አለው፤ ክላውንፊሽ በሚባለው ሌላ ትንሽ የባሕር ዓሣ መጀመር። እንቁላሉን ድንጋይ ላይ አጣብቆ ወላጆቹ ስለሚጠብቁት መሰብሰቢያ አያስፈልግም፤ እጩ ሲወጣ ትልቅ አፍ ስላለው ከመጀመሪያው ቀን ሮቲፈር ይበላል፤ በሁለት ሳምንት ገደማም ትንሽ ክላውንፊሽ ይሆናል። የእጩን ገንዳ ማጽዳት፣ ብርሃኑን መመጠን፣ አሞኒያ መለካት፣ ጫጩትን ወደ ደረቅ ምግብ ማሸጋገር የሚባሉት ሥራዎች በሁለቱም ዘንድ አንድ ስለሆኑ፣ በክላውንፊሽ የተለማመደ ሰው ወደ ኤንጀልፊሽ ሲመጣ የሚቀረው ኮፔፖዱ ብቻ ነው። ገንዳው፣ ማሞቂያው፣ የአየር ፓምፑም ታጥበው ያገለግላሉ። የሮቲፈሩ ባልዲ፣ ወንፊትና ቱቦ ግን የመጀመሪያው የፓርቮካላነስ ጠርሙስ ከመድረሱ በፊት ከዚያ ክፍል ይውጡ።